አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል፦ የፍተሻ ማስታወሻ

ዓርብ ማታ

የእህቴ ልጅ ራሱ የገጣጠመው ኮምፒውተር ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ዕቃዎቹ ሁሉ አዲስ ናቸው፦ ራይዘን 5 7600 ፕሮሰሰር፣ ኤኤም5 የተባለ የፕሮሰሰር መቀመጫ ያለው መለስተኛ ማዘርቦርድ፣ እያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት የዲዲአር5 ራሞች፣ ፋይል የሚቀመጥበት አንድ ኤንቪኤምኢ ድራይቭ፣ ግራፊክስ ካርድ እና 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ። ምልክቱ እንዲህ ነው፤ የማብሪያ ቁልፉ ሲጫን የፕሮሰሰሩ ፋን ሩብ ዙር ያህል ይንቀሳቀስና ይቆማል። ከዚያ በኋላ ቁልፉ ደጋግሞ ቢጫን ምንም የለም። ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎ ጥቂት ቆይቶ ሲሰካ ያው ሩብ ዙር ይመለሳል።

ሲደውልልኝ "ጋሼ፣ ጭራሽ ሞቷል" ነበር ያለኝ። እኔ ግን ይህ ሩብ ዙር ትልቅ ዜና ነው ባይ ነኝ። ጭራሹን ጸጥ ያለ ማሽንና ጀምሮ የሚያቋርጥ ማሽን የተለያየ በሽታ አላቸው፤ ሁለቱንም "አይሠራም" በሚል አንድ ቃል መጥራት ፍተሻውን ገና ሳይጀመር ያበላሸዋል። ስለዚህ ገመድ ሳልነካ ያየሁትን እንዳየሁት ጻፍኩት።

ይህ ሩብ ዙር ምን እንደሚናገር ለመረዳት ኃይሉ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ ደረጃ በ1995 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ የማብሪያ ቁልፉ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ በቀጥታ አያገናኝም፣ አይቆርጥም። ሥራው ሁለት ፒኖችን ለአፍታ ማነካካት ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው ጋር እስከተያያዘ ድረስ ባለ 24 ፒኑ ኬብል ላይ ባለው 9ኛ ፒን 5 ቮልት የመጠባበቂያ ኃይል ለማዘርቦርዱ ይሰጣል። ማዘርቦርዱ በዚህች ኃይል ነቅቶ ይጠብቃል፤ ቁልፉ ሲነካ 16ኛውን ፒን ወደ ዜሮ ያወርደዋል። ፓወር ሰፕላዩ ይህን ሲያይ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልቱን ይለቃል። ቮልቶቹ ልካቸውን ከያዙ ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ በ8ኛው ፒን "ኃይሉ ደህና ነው" የሚል ምልክት ይልካል። ፕሮሰሰሩ ሥራ የሚጀምረው ይህን ካገኘ በኋላ ነው፤ ከዚያ ራም፣ ከራም በኋላ ግራፊክስ፣ በመጨረሻም ድራይቭ ይፈተሻል።

ፋኑ ከተንቀሳቀሰ ቁልፉ ይሠራል፣ ማዘርቦርዱ ጠይቋል፣ ፓወር ሰፕላዩም 12 ቮልቱን ለቋል ማለት ነው። ከዚያ ግን ራሱን ዘግቷል፤ ተነቅሎ እስኪሰካ ድረስ ደግሞ አልከፍትም ይላል። እንዲህ ዓይነቱ መዘጋት የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ ጠባይ ነው። ከልክ ያለፈ ጅረት ሲያይ ይቆርጣል፣ ቆርጦም ይቆያል። ስለዚህ ጥርጣሬዬ ሾርት ላይ ነው፤ ማለትም ኃይሉ መሥራት የሚገባውን ሥራ ሳይሠራ በአቋራጭ ወደ መሬት፣ ማለትም ወደ መመለሻው መስመር፣ የሚመለስበት ቦታ አለ። የት እንደሆነ ነገ እናያለን። ልጁ ማዘርቦርዱን በሌላ ለመለወጥ ቸኩሏል፤ አንድ ዕቃ ጥፋተኛነቱ በፍተሻ ሳይረጋገጥ እንዳይለወጥ ተስማምተናል።

ቅዳሜ ጠዋት

መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን። ኬብሎቹን ሁሉ ከማዘርቦርዱ፣ ከግራፊክስ ካርዱና ከድራይቩ ነቀልን። ባለ 24 ፒኑ ራስ ላይ 16ኛውን ፒን ከጎኑ ካለው 17ኛ የመሬት ፒን ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘን፤ ማዘርቦርዱ የሚያቀርበውን ጥያቄ እኛ አቀረብንለት ማለት ነው። ባዶውን እንዳይሠራ አንድ የኬዝ ፋንና አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ አሸከምነው። ተነሳ፣ አልቆመም።

ድሮ ሽቦዎቹ በቀለም ይለዩ ነበር፦ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3፣ አረንጓዴው የማስነሻው፣ ሐምራዊው የመጠባበቂያው። የዛሬዎቹ ኬብሎች ለመልካቸው ሲባል ድፍን ጥቁር ሆነዋል። ለሚጠግን ሰው ይህ ኪሳራ ነው ብዬ አምናለሁ። ፒን በፒን እየቆጠርን በመልቲሜትር ለካን፤ 12.14፣ 5.05፣ 3.34፣ መጠባበቂያው 5.08። ደረጃው በሦስቱ ዋና ቮልቶች ላይ የሚፈቅደው ልዩነት 5 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው፤ ለ12 ቮልት ከ11.4 እስከ 12.6 ማለት ነው። ሁሉም በልካቸው ናቸው።

ይህ ልኬት ፓወር ሰፕላዩ ከባድ ጭነት ይችላል ብሎ አይመሰክርም። አሁን የምንፈልገው ግን ያን አይደለም። ኮምፒውተር ገና ሲነሳ የሚፈልገው ኃይል ትንሽ ስለሆነ፣ ይህን የሚያህል የሰጠ ፓወር ሰፕላይ የተገጣጠመውን ማሽን ቢያንስ ባዮስ እስከሚባለው የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም ገጽ ድረስ ማድረስ ነበረበት።

ኬብሎቹንም አንድ በአንድ አየናቸው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል የሚሰካው የኬብል ጫፍ በሁሉም አምራቾች ዘንድ አንድ ዓይነት ደረጃ የለውም፤ ቅርጹ ገጥሞ ውስጡ ያለው የፒን አደላደል ሊለያይ ይችላል። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ኬብል ተሰክቶ ድራይቭ የተቃጠለባቸው ሰዎች አሉ። የእኛዎቹ ሁሉም ከራሱ ካርቶን የወጡ ናቸው። ልጁ ፓወር ሰፕላዩን ከፍተን ውስጡን እንድናይ ጠይቆኝ ነበር፤ አይከፈትም። ከተነቀለ በኋላ እንኳ ካፓሲተሮቹ ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

ቅዳሜ ረፋድ

ፓወር ሰፕላዩን ወደ ቦታው መልሰን ከማሽኑ ላይ ዕቃ መቀነስ ጀመርን። በየመሃሉ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ ውስጥ የቀረውን ኃይል ያራግፋል፣ የተዘጋውንም መከላከያ ለቀጣዩ ሙከራ ያዘጋጃል።

ግራፊክስ ካርዱ ወጣ። ለውጥ የለም። ይህ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስላለው እስከ ሥራው መጨረሻ ያለ ካርዱ መቀጠል እንችላለን፤ ትልቅ እፎይታ ነው። ድራይቩ ወጣ፣ የኬዙ ፋኖች ተነቀሉ፣ የፊት ዩኤስቢና የድምፅ ሽቦዎች ተነቀሉ። ያው ሩብ ዙር።

የማብሪያ ቁልፉን ሽቦም ነቅለን ሁለቱን ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ አነካካናቸው። በተለመደው አደላደል 6ኛውና 8ኛው ናቸው፤ የማዘርቦርዱ መምሪያ ላይ ግን ማረጋገጥ ይገባል። ውጤቱ አልተለወጠም። ራሞቹም ወጡ፤ አልተለወጠም።

የቀረው በማዘርቦርዱ ላይኛ ጠርዝ የሚሰካው ባለ 8 ፒን የፕሮሰሰር ኬብል ነበር። እሱን ነቅለን ስናስነሳ ፋኑ ተነሳና መዞሩን ቀጠለ። ያለማቋረጥ! ፕሮሰሰሩ አልመልስ ሲል በርታ የምትቀረው፣ በማዘርቦርዱ ጠርዝ ያለችው የፕሮሰሰር መብራትም በራች። ይህ በራሱ ትክክል ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኃይሉ ተነቅሎበታልና ሊመልስ አይችልም። ዋናው ነገር ፓወር ሰፕላዩ አለመዘጋቱ ነው። ኬብሉን መልሰን ስንሰካ ደግሞ ሩብ ዙር።

ከጠዋቱ ሥራ ሁሉ የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። በባለ 24 ፒኑ የሚገባው 12 ቮልት ፋኖችንና የካርድ ማስገቢያዎችን ይመግባል። በባለ 8 ፒኑ የሚገባው ደግሞ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ወዳለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ይሄዳል፤ ያ መቆጣጠሪያ 12 ቮልቱን ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው 1 ቮልት አካባቢ ያወርደዋል። ሾርቱ በዚህ በሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ተጠርጣሪዎቹም ጥቂት ሆኑ፦ መቆጣጠሪያው ውስጥ የተበላሸ ትራንዚስተር፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ፣ ወይም ያን የማዘርቦርድ ክፍል ከኬዙ ብረት ጋር የሚያነካካ ነገር። የመጀመሪያው ከሆነ ማዘርቦርዱ ይመለሳል፤ የመጨረሻው ከሆነ ማዘርቦርዱ ምንም አልሆነም።

ቅዳሜ ከሰዓት

ኃይል ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ መልቲሜትሩን ወደ ኦም፣ ማለትም ወደ ኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያው፣ አዞርን። አንዱን ጫፍ በማዘርቦርዱ ባለ 8 ፒን ማስገቢያ 12 ቮልት ወገን፣ ሌላውን በመሬቱ ወገን አስቀመጥን። 0.4 ኦም። ሁለቱን የመለኪያ ጫፎች እርስ በርስ ሳነካካቸው ራሳቸው 0.3 ይሰጣሉ። ስለዚህ በሁለቱ ወገኖች መካከል ምንም የለም ማለት ይቻላል፤ ብረት ለብረት ተገናኝተዋል።

ልጁ መለኪያውን አይቶ "ጋሼ፣ ታዲያ ተቃጥሏል ማለት አይደለም?" አለ። ገና አልታወቀም። ፕሮሰሰሩን ከመንቀል በፊት ማዘርቦርዱን ከኬዙ ማውጣትን የመረጥኩት ብሎን ከመፍታት በስተቀር ምንም ስለማያስከፍል ነው። ፕሮሰሰር መንቀል ማቀዝቀዣውን ማንሳትና በሁለቱ መካከል ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት፣ ተርማል ፔስቱን፣ ማደስ ይጠይቃል፤ መቀመጫው ውስጥ ያሉትን ስስ ንክኪዎችም ለአደጋ ያጋልጣል። ሁለቱም ሙከራዎች ከሚሰጡት መልስ ይልቅ የሚያመጡት ጣጣ ነው ቅደም ተከተላቸውን የወሰነው።

ብሎኖቹን ፈትተን ማዘርቦርዱን አነሳነው፤ ደረቅ ካርቶን ላይ አስቀመጥነው፤ በዚያው ቦታ እንደገና ለካን። ቁጥሩ ከትንሽ ተነስቶ እየወጣ፣ እየወጣ በብዙ ሺህ ኦም ላይ ረጋ። ያ ቀስ ብሎ መውጣት መልቲሜትሩ የሚሰጠው ጥቂት ኃይል ካፓሲተሮቹን ሲሞላ የሚታይ ነው፤ ጤናማ መስመር እንዲህ ይለካል። በጣም ደስ አለኝ። ማዘርቦርዱም ፕሮሰሰሩም ከክስ ነጻ ሆኑ።

አሁን ኬዙን ማየት ነበር። ማዘርቦርድ የኬዙን ብረት እንዳይነካ ከፍ አድርገው የሚይዙት ትናንሽ የናስ መቆሚያዎች አሉ። በማዘርቦርዱ የብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት ከመቆሚያው ጋር እንዲነካካ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ያ ጉዳት የለውም። ቀዳዳ በሌለበት ቦታ የቆመ መቆሚያ ግን የማዘርቦርዱን ጀርባ ይወጋል። ይህ ኬዝ የተለያየ መጠን ያላቸውን ማዘርቦርዶች እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ መቆሚያዎቹም ከፋብሪካ ተጠብቀው ነው የመጡት። የማዘርቦርዱን ቀዳዳዎችና ማዘርቦርዱ የሚታሰርበትን የኬዙን ሳህን መቆሚያዎች ጎን ለጎን ስናስተያይ አንድ መቆሚያ ትርፍ ሆነ። የቆመው በላይኛው ጠርዝ፣ ልክ ከቮልቴጅ መቆጣጠሪያው በታች።

ማዘርቦርዱን ገልብጠን በባትሪ ብርሃን አየነው። እዚያው ላይ ቀለሙን የፋቀ ክብ ምልክት አለ፤ ጫፉ ከሁለት የብየዳ ነጥቦች ላይ አርፏል። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ነገር የለም፤ የማቃጠል ሽታም የለም። ይህን ያተረፈልን ያ መከላከያ ነው። ልጁን ያስደነገጠው ሩብ ዙር ማዘርቦርዱ እንዳይቃጠል ሲከላከልለት የነበረ ነገር መሆኑን በጣቴ እያሳየሁ ነገርኩት።

ትርፉ መቆሚያ ተፈታ።

ቅዳሜ ማታ

ወደ ኬዙ ከመመለሳችን በፊት ማዘርቦርዱ ካርቶን ላይ እንዳለ እንዲነሳ ፈለግኩ። ብዙ ሰው ማዘርቦርዱ የመጣበትን ብርማ ከረጢት ከሥሩ ያነጥፋል፤ አይመከርም። ከረጢቱ ከስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚከላከለው ገጹ ኤሌክትሪክ በመጠኑ ስለሚያስተላልፍ ነው፤ የሚሠራ ማዘርቦርድ ሥር መሆን የለበትም። ባዶ ካርቶን ይበቃል።

ፕሮሰሰሩ ከነማቀዝቀዣው፣ ሁለቱ ራሞች፣ ባለ 24 እና ባለ 8 ፒን ኬብሎች፣ ስክሪኑ በኤችዲኤምአይ ከማዘርቦርዱ ጋር። ሌላ ምንም የለም። በካቻቢቴ አነካካን። ፋኑ ተነሳ፣ ቀጠለ። ልጁ አጨበጨበ።

ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። በማዘርቦርዱ ጠርዝ ከተደረደሩት አራት ትናንሽ መብራቶች የፕሮሰሰሯ በርታ ጠፋች፤ የራሟ በርታ ቀረች። እነዚህ መብራቶች ትልቅ ውለታ ናቸው። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፍተሻውን በሰላም ሲጨርስ አንድ አጭር ድምፅ ያሰማ ነበር፤ ብልሽት ሲያገኝ ድምፆቹ ይለያዩ ነበር። ዛሬ ብዙ ኬዞች ያቺን ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይዘው አይመጡም፤ መብራቶቹ በቦታዋ ተተክተዋል። ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ግራፊክስ፣ ድራይቭ፤ በቅደም ተከተል ይበራሉ፣ ያለፈው ይጠፋል፣ ያላለፈው በርቶ ይቀራል።

የራም መብራት በርቶ ሲቆይ ወዲያው ማጥፋት ስሕተት ነው፤ በዲዲአር5 ማሽን ላይ በተለይ። ማዘርቦርዱ መጀመሪያ ሲነሳ ከራሙ ጋር የሚነጋገርበትን ጊዜና ቮልቴጅ የሙዚቃ መሣሪያ ክር እንደሚቃኝ ሰው በየመስመሩ እየሞከረ ያስተካክላል። በኤኤም5 ላይ ይህ ቅኝት ደቂቃዎችን ሊፈጅ ይችላል፤ ስክሪኑ እስከዚያ ጥቁር ነው። ትዕግሥት ያጣ ሰው መሃል ላይ ሲያጠፋው ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ማሽኑ ደግሞ ለዘላለም የማይነሳ ይመስላል። ስለዚህ ተውነው። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ መብራቷ አልተንቀሳቀሰችም። ይህን ያህል መቆየት ቅኝት አይደለም። ቀሪውን ለነገ አሳደርነው።

እሑድ ጠዋት

አንድ ራም ብቻ፣ በኤ2 ማስገቢያ፤ ከፕሮሰሰሩ ስንቆጥር ሁለተኛው ነው። አራት ማስገቢያ ባላቸው ማዘርቦርዶች አብዛኛዎቹ መምሪያዎች መጀመሪያ ኤ2 እና ቢ2ን ሙሉ ይላሉ። ራሙ ሁለቱም ጫፎቹ ላይ በደንብ እስኪገባ ተጫንነው፤ በአንድ ወገን ብቻ መቆለፊያ ባለው ማስገቢያ ላይ ሌላው ጫፍ ሳይገባ የገባ የሚመስልበት ጊዜ አለ።

የራሟ መብራት በርታ ቆየች፣ ጠፋች። የግራፊክሷ ብልጭ ብላ ጠፋች። ስክሪኑ ላይ የባዮስ ገጽ መጣ፦ ፕሮሰሰሩ በስሙ ተጽፏል፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ሙቀቱ 44 ዲግሪ ሴልሺየስ። ልጁ ፎቶ አነሳው።

ደስታው ተገቢ ነው፤ ጥያቄው ግን አልተመለሰም። ያንን ራም አውጥተን ሁለተኛውን በዚያው በኤ2 ሞከርን፤ ተነሳ። ሁለቱም ራሞች ጤነኞች ናቸው። ቀጥሎ ኤ2ን ባዶ ትተን ራሙን በቢ2 ብቻ አስገባን፤ የራሟ መብራት በርታ ቀረች። ሌላውን ራም በቢ2፤ ያው። ቢ1ም አልሠራም። ራሙን ትተን መንገዱን እንድንፈልግ የሚነግረን ይህ ነው። ሁለቱን ራሞች አንድ ላይ ብቻ ስንሞክር ብንቀር ኖሮ ጥሩ ራም ጥፋተኛ ተብሎ ይመለስ ነበር።

የራም መቆጣጠሪያው ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ከቢ ማስገቢያዎች የሚነሱት መስመሮች በማዘርቦርዱ ውስጥ አልፈው መቀመጫው ላይ ባሉ ንክኪዎች በኩል ፕሮሰሰሩ ጋር ይደርሳሉ። ከማስገቢያው እስከ መቆጣጠሪያው ባለው መንገድ ላይ አንድ ቦታ ተቋርጧል። መንስኤው ሶፍትዌር ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም፤ ባዮሱ የቆየ ከሆነ የራም ቅኝቱን ኮድ የሚያሻሽል አዲስ እትም ሊኖር ይችላል። አሁን ስክሪን ስላለን ይህን ማጣራት ቀላል ነው። አዲሱን ባዮስ በፋት32 በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ አድርገን በኤ2 ባለው አንድ ራም ጫንነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ገመድ እንዳይነካ አደረግን፤ ባዮስ ሲጫን መብራት ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ሊደነዝዝ ይችላልና። ከዚያ ባዮሱን ወደ መነሻው ቅንብር መለስነው። ቢ2 አሁንም አይሠራም።

ስለዚህ ፕሮሰሰሩን ማንሳት የግድ ሆነ።

እሑድ ከሰዓት

በቀድሞው ኤኤም4 ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ሲነሳም ተርማል ፔስቱ ፕሮሰሰሩን ከመቀመጫው መንጭቆ ይዞት የሚወጣበት ጊዜ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤኤም5 ይህን ገለበጠው። 1718ቱ ንክኪዎች መቀመጫው ውስጥ ያሉ ስስ ስፕሪንጎች ናቸው፣ ፕሮሰሰሩ ሥር ያሉት ጠፍጣፋ የወርቅ ቅብ ነጥቦች ብቻ፣ ከላይ ደግሞ የብረት ክዳን አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ያለ ስጋት ማንሳት ይቻላል፤ ጥንቃቄው የሚጀምረው ክዳኑ ሲከፈት ነው።

ማቀዝቀዣውን በጥቂቱ እያወዛወዝን አነሳነው። ፔስቱ በዝቷል፤ ከፕሮሰሰሩ ጠርዝ አልፎ በጎን ወርዷል። የላዩን ክዳኑ ሳይከፈት በፊት ጠራረግነው፤ ክፍት መቀመጫ አጠገብ ፔስት ማጽዳት ጉዳት መጋበዝ ነው። ክዳኑ ተከፈተ፣ ፕሮሰሰሩ በጠርዞቹ ብቻ ተይዞ ቀጥ ብሎ ወጣ።

መጀመሪያ መቀመጫው። በጣት አይነካም፣ በጨርቅም አይጠረግም፤ አንድ ስፕሪንግ ከተጠመዘዘ በመርፌ ማቃናት የሰዓታት ሥራ ነው፤ ያውም ከተሳካ። የሚሻለው የስልክ ካሜራን አቅርቦ ብርሃኑን ከጎን አግድም ማብራት ነው። የቆሙ ስፕሪንጎች ብርሃኑን በእኩል ረድፍ ይመልሳሉ፤ የተጣመመ ካለ ረድፉ ውስጥ እንደ ክፍተት ይታያል። ከየአቅጣጫው አየነው። ረድፎቹ ሁሉ ምሉዕ ናቸው።

ከዚያ ፕሮሰሰሩን ገለበጥነው። በአንደኛው ጠርዝ፣ ነጥቦቹ ላይ፣ ግራጫ ስስ የፔስት ቅባት አለ። በዓይን ለማየት ያስቸግራል፤ በአጉሊ መነጽር ግን በርካታ ነጥቦችን ሸፍኖ ይታያል። ይህ ፔስት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሙቀትን በደንብ ቢያሻግርም ኤሌክትሪክን ያግዳል፤ ስፕሪንጉ ነጥቡን ነክቶም ሳይነካ ይቀራል። ከጥቂት ነጥቦች አለመገናኘት አንድ ሙሉ የራም ቻናል፣ ማለትም የቢ ማስገቢያዎች የሚጋሩት መስመር፣ ይጠፋል፤ ኤ ቻናልና ፕሮሰሰሩ ራሱ ግን ይሠራሉ።

99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ። አልኮሉ ጨርቁ ላይ እንጂ ፕሮሰሰሩ ላይ አልፈሰሰም፤ ከመሃል ወደ ውጭ በአንድ አቅጣጫ ጠረግነው፤ በየጊዜው ንጹሕ የጨርቁን ክፍል ተጠቀምን። እስኪደርቅ ጠበቅን። በአጉሊ መነጽር ደግመን አየነው፤ ወርቃማው ቅብ ሁሉ ጠርቷል። ስፕሪንጎቹንም በካሜራው በድጋሚ አየናቸው፤ ፔስት አልደረሰባቸውም። ቢደርስባቸው ኖሮ ሥራው በጣም የተለየ ይሆን ነበር።

ልጁ ራሱ ፕሮሰሰሩን መለሰው፤ የማዕዘኑን ሦስት ማዕዘን ምልክት አመሳስሎ፣ ሳይጫን፣ በራሱ ክብደት እንዲቀመጥ ለቀቀው። አዲስ ፔስት አሁን በልኩ። የማቀዝቀዣው ብሎኖች በአንድ ጊዜ አልጠበቁም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወርን ጥቂት ጥቂት አጠበቅን፤ በአንድ ወገን የበዛ ጫና ራሱ የንክኪ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

ራሙ በቢ2 ብቻ ገባ። የራሟ መብራት በራች። ቆየች። ልጁ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም። ጠፋች። የግራፊክሷ፣ የድራይቯ፣ ከዚያም የባዮስ ገጽ።

ሁለቱም ራሞች በኤ2 እና ቢ2። ቅኝቱ አሁን ረዘም አለ። 32 ጊጋባይት፣ ሁለት ቻናል።

እሑድ ማታ

ወደ ኬዙ ተመለስን። መቆሚያዎቹን ከቀዳዳዎቹ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርን፤ ከሳህኑ ጀርባ የወደቀ ብሎን አለመኖሩን በባትሪ ብርሃን አየን። ኬብሎቹ ከሁለቱም ጫፍ እስኪቆለፉ ገቡ። የፊት ሽቦዎቹ በመምሪያው ሥዕል መሠረት ገቡ፤ የማብሪያው ቁልፍ አቅጣጫ የለውም፣ መብራቶቹ ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አላቸው። ዕቃ በጨመርን ቁጥር አስነሳን፦ ድራይቩ፣ ፋኖቹ፣ የፊት ዩኤስቢው፣ በመጨረሻ ግራፊክስ ካርዱ ከነራሱ የኃይል ኬብል። የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ወደ ካርዱ አዛወርነው፤ ካርድ ከገባ በኋላ ገመዱን በማዘርቦርዱ ላይ መተው ጤነኛ ማሽን ላይ ጥቁር ስክሪን ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ ነው።

አሁን በርታ የቀረችው የድራይቭ መብራት ብቻ ነች። ልጁ ደነገጠ፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። ድራይቩ በባዮስ ውስጥ በስሙና በመጠኑ ይታያል፤ ባዶ ስለሆነ ማሽኑ የሚያስነሳው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አላገኘም፤ ያንኑ ነው የምትናገረው።

ሲስተሙን ከመጫናችን በፊት ራም የሚፈትነውን ፕሮግራም፣ ሜምቴስት86ን፣ ከፍላሽ አስነሳን። ሾርት ያየ ማዘርቦርድና ቻናሉ ተቋርጦ የነበረ ራም ያለ ፈተና አይታመኑም፤ ስሕተት ያለበት ራም ፋይልን በዝምታ ያበላሻል፤ ጥፋቱ ከወራት በኋላ ሲገለጥ ማንም ራሙን አይጠረጥርም። ራሙ በመነሻ ፍጥነቱ፣ በ4800 ላይ፣ ሁሉንም ዙሮች ያለ አንድ ስሕተት ጨረሰ።

ራሞቹ የተሸጡት በ6000 ፍጥነት ነው። ያ የሚገኘው በባዮስ ውስጥ ኤክስፖ የሚባለውን ቅንብር በማብራት ነው፤ ኤኤምዲ ለዚህ ፕሮሰሰር በይፋ የሚሰጠው ፍጥነት 5200 ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለው ተጨማሪ ጫና እንጂ ዋስትና አይደለም። ለዚህ ነው መጀመሪያ በዝቅተኛው ያስፈተንነው፤ በ6000 ቢወድቅ ራሙ ሳይሆን ፍጥነቱ መሆኑን እናውቃለን። ኤክስፖ በርቷል፣ ቅኝቱ አልፏል፣ ሜምቴስት86 እንደገና ተነስቶ ሁለተኛው ዙር ላይ ደርሷል። እስካሁን ስሕተት የለም። ሌሊቱን ይሮጣል፤ ጠዋት ንጹሕ ከሆነ ልጁ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይጭናል፣ ካልሆነ ፍጥነቱን ወደ 5600 አውርደን እንደግማለን።